አርባ ሦስት

ላፕቶፔ ታይዋን ታክሞ ሲመለስ
ማዘርቦርዱ ድኗል፣ ስክሪኑም እንደ አዲስ፤
ባትሪው ግን ቀጣፊ፦
ከመቶ ጀምሮ አርባ ሦስት ሲደርስ
ድርግም።

ተመልሼ ሄድኩኝ በቀትር ሐሩር፣
የደቻቱ አሸዋ ዓይን ውስጥ ሲበር።
«አቦ!» አለ ሙኽታር ካውያውን ሳይተው፣
«ባትሪ መች ነካሁኝ? የኔ ሥራ ቦርድ ነው።»
ብሎ ግን ፈታታው።

አንዲት ቀጭን ሽቦ በግማሽ ተሰክታ
እንደ ወተት ጥርስ ትነቃነቃለች።
ገፋ አደረጋትና አፈረ መሰለኝ፣
ክዳን ላይ የተረፈች አንዲት ብሎን ነበረች፣
በመዳፉ ሸሸገኝ።

«አሁን ልኩን ረስቷል፤ ቁጥሩን አትመኚው።
አንዴ እስኪሞት ተዪው፣
ከዚያ ሰክተሽ ሙዪው፤
ጠፍቶ ካልተነሳ የራሱን አያውቀው።»

እንዳለኝ አደረግኩ።

በሦስተኛው ማታ ሳቢያን መብራት ሄደ።
ቬንትሌተሩ ቆመ፤ ላቤ ተንጠባጠበ።
የስምንተኛ «ለ» ማርክ ገና ግማሽ ነው፣
ዳይሬክተሩ ደግሞ ጠዋት የሚፈልገው።

አርባ አምስት።
የጎረቤት ልጆች በጨለማ ይስቃሉ።
አርባ አራት።
ጣቶቼን አነሳሁ፤ መንካትም አልደፈርኩ።
አርባ ሦስት።
ባጃጅ አለፈ፣ ግድግዳው በራ፣ ጠፋ።

አርባ ሁለት።

አቦ!
«ሃያት ዚያድ፣ ስልሳ ስድስት» ብዬ ቀጠልኩ።