አሥር ጭንቅላት

ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለ ሦስት ፎቅ ነው ቤታችን፣
ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ አይታይም ደጃችን።
እኔ ከመስታወቱ ኋላ ደረሰኝ ቆራጭ ነኝ፣
ከሐኪሙ ቀድሞ በሽተኛ የሚያየኝ።
ካርድ ለብቻ፣ ደም ለብቻ፣ ራጅ ለብቻ፤
ሕመሙ አንድ ቢሆንም ሒሳቡ ግን ዘመቻ።

አምና መስከረም ላይ ማሽኑ ከወደብ መጣ፣
ሎቤዱ ሐረጎን እያቃሰተ ወጣ።
በግ ታርዶ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ዱዓም ጸሎትም ተደርጎ፣
ባለቤቱ ቆመ ነጭ ጋቢውን አደግድጎ።
«ይህ ዕቃ የባንክ ነው፣ የኔ አይደለም ገና፤
ወለዱ አይተኛም፣ ሌሊትም ይቆጥራልና።
በቀን አሥር ጭንቅላት ካልገባለት በቀር፣
ይህ ቤት ተሽጦ ነው የሚዘጋው ብድር።»
አሥር ጭንቅላት፤
ልክ እንደ ሰኞ ገበያ፣ ከብት በቁጥር።

ላዘዘ ሐኪም ደግሞ ከመቶው አሥራ አምስቱን፣
በወር መጨረሻ እኔው ነኝ የማሽግ ፖስታውን።
አልዋሽም፣ ለኔም ይደርሰኛል፤ ለበዓል ዘይትና ዶሮ፤
የኪራዬንም ጭማሪ እሱ ነው የቻለኝ ዘንድሮ።

ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም፣
ዶክተር ይርዳው ሌት ሲጠሩት ጫማ እስኪያጠልቅ አይቆይም።
ግን ብዕሩ ወረቀት ላይ «ይታዘዝ? ይቅር?» ሲያመነታ፣
በጣም በቀስታ ነው ክርኑን የምትነካው ፖስታ።

እትዬ ጦይባ መጡ ከኮምቦልቻ፣ የፋብሪካ ጡረተኛ፤
ራስ ምታቱ ሁለት ሳምንት፣ ቀን አይል ሌት አያስተኛ።
መነጽራቸው በክር ታስሯል፣ አንደኛው ወገን ስንጥቅ፤
ይህን ለማየት መቼም ሐኪም መሆን አይጠይቅ።
ስካን ታዘዘ። ከመቀነት ፈትተው ቢቆጥሩ ጎደለ፤
ልጃቸው ባጃጁን ሊያስይዝ ቁልቁል ተንከባለለ።
ምስሉ ንጹሕ ሆነ። «አልሐምዱሊላህ» ብለው እጄን ሳሙኝ በመስኮቱ፤
ደስታቸው እውነት ነበር።
እሱ ነው የነገሩ ክፋቱ።

ማዶ ያለውም ገዛ፤ ሁለት ማሽን በአንድ ከተማ።
ሻጭ ሲበዛ ይረክሳል ይባላል፤ ሽንኩርት ይሆናል እሱማ፤
እዚህ ግን ሻጩ ራሱ ነው «ርቦሃል» ብሎ የሚነግረው፤
ያልራበው እንኳ ቢሆን፣ ፈርቶ ነው የሚከፍለው።

አራት ቁጥር ሽማግሌው ዶክተር ንጋቱ አሉ፤ ፖስታ የላቸው፣
ከግድግዳው ዝርዝር ሁሌ መጨረሻ ነው ስማቸው።
ይዳብሳሉ፣ ያዳምጣሉ፣ «ምን በላህ?» ይላሉ እንደ ጎረቤት፤
ሰው ግን አኩርፎ ይወጣል፦ «ማሽን ሳያየኝ ልግባ ቤት?»

ትናንት እኔን ራሴን አመመኝ። በግራ፣ ከዐይኔ በላይ።
ሠራተኛ በነጻ ነው፤ ፖስታ የለም በኔ ጉዳይ።
አራት ቁጥር ገባሁ። በባትሪ ዐይኔን አዩ፣ በጣት አንገቴን ዳሰሱ።
«ምንም የለሽም፤ ድካም ነው፤ ልጄ፣ ውሃ ጠጪ፤
ማታ ማታ ቤት ወስደሽ ያን መዝገብ አትግለጪ።»

እኔም እንደ እትዬ ጦይባ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።
ግን ሌሊቱን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሲያንጓጥር፣
ጣራ ጣራ እያየሁ አንዲት ጥያቄ ስቆጥር፦
ያላዘዙልኝ ጤና ሆኜ ነው፣ ወይስ ስለማላስገባ ብር?
እሳቸውን፣ ፖስታ ያልነኩትን፣ እሳቸውን ተጠራጠርሁ።

ሲነጋ መስኮቴን ከፈትሁ።
የዛሬን አንደኛ ጭንቅላት ቆጠርሁ።