ምዕራፍ አራት

መጽሐፉ አንድ ነው፤ አንባቢው ሰባት፤
ባሲሊያ ገነጣጠለችው በቢላ፣ ስፌቱን በጥሳ ከጀርባው አጥንት።
ሁለተኛው ምዕራፍ ለኒየቬስ፣ ሦስተኛው ለሳቱርኒና፣
መግቢያው ለእኔ ደረሰኝ፣ ዓይኔ ደክሟልና፤
አጭር ነው ብለው።

ከኦሩሮ ወዲያ፣ ቆርቆሮ ከሚቆፈርበት ተራራ፣
ሆዱ ውስጥ የወንድ ነው፤ ደጁ ላይ የእኛ ሥራ፤
የጣሉትን ቋጥኝ መፍለጥ፣ የቀረች ቅንጣት መልቀም።
ድንጋያችን በኪሎ ይመዘናል፤ ስማችን ከመዝገብ የለም።

የጓንታችንን ጣት ጣቱን ቆረጥነው፣ ገጽ እንዲገልጥልን።
ማታ በኤውሎኺያ ቤት፣ አምፖሉ ሥር ተጠጋግተን፣
የኮካ ቅጠል ጉንጫችን ውስጥ፣ እንቅልፍን ልናታልል፣
ሳቱርኒና ጮክ ብላ ታነባለች፣ እንደ ልጅ፣ ቃል በቃል፦
«ክፍያ የሌለው የቤት ውስጥ ሥራ...»
ሳትጨርሰው አንቀላፋች፣ አገጯ ከመስመሩ ጋራ።
ማንም አልቀሰቀሳት።
ዐረፍተ ነገሩ ገባን።

ደራሲዋ ከሽፋኑ ጀርባ በፎቶ አለች፣ አንገቷ ላይ የሐር ሻሽ፤
ኒየቬስ አየቻትና «አንቺ ደግሞ መዶሻ ጨብጠሽ
ታውቂያለሽ?» አለቻት፣ ፊት ለፊቷ እንዳለ ሰው።
ተመልሳ ግን አነበበች፣ ጣቷ መስመሩን እየዳበሰው፦
ማንነት፣ ይላል፣ ማንነት፣ አሥራ አንድ ጊዜ በአንድ ገጽ።
«ማን ነሽ ብሎኝ የመጣ ሁሉ ወረቀት ይዞ ነው የመጣ፤
ሕዝብ ቆጣሪው፣ ቄሱ፣ ዳኛው። ይህቺም ወረቀት ይዛ መጣች፤
ይህቺኛዋ ግን» አለች፣ «መልሱን ለእኔ ተወች።»

«ጭቆና የሚሉትን ቃል ኪሎውን በስንት ይገዙናል?»
አለች ቴዎፊላ። ሳቅን። ሳቅ ደግሞ ይሞቃል።

ምዕራፍ አራት የእሷ ድርሻ ነበር፣ የቴዎፊላ።
ተራዋ ሲደርስ ባዶ እጇን መጣች። «ባሌ ነው፣
ኤርሞኼኔስ፣ ምድጃ ውስጥ የማገደው።»
ሦስት ሳምንት ሙሉ ረገምነው፤
በመንገድ ሲያልፍ ጀርባችንን ሰጠነው፤
ባሲሊያማ መፈክር ጽፋለት ነበር፣ በካርቶን፣ በቀይ ቀለም።

በአራተኛው ሳምንት፣ ከቋጥኙ ክምር ሥር፣ መዶሻዋን ጥላ፣
«እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አለች ቴዎፊላ።
«ልጄን ትኩሳት ይዞት ነበር፤ የላማው ኩበት ርሶ እምቢ አለ፤
ወረቀት ግን ምን ይለዋል፣ ወዲያው ተቀጣጠለ።
አንዱን ገጽ አንብቤ ማገድኩ፣ ሁለተኛውንም አንብቤ፤
ከዚያ ልጁ ተንቀጠቀጠ፤ ቀሪውን ማገድኩ ሰብስቤ።»
«ያነበብሽው ምን ይላል?»
«ረሳሁት።»

ምዕራፍ አምስት እንዲህ ይጀምራል፦ «በምዕራፍ አራት እንዳየነው...»
ያላየነው ሰባት ሴቶች ተያየን፤ ሳቁን ማን እንደ ጀመረው
እንጃ። «ምዕራፍ ማለት» አለች ኤውሎኺያ፣ «ማረፊያ ማለት አይደል?
ለዚህ ነዋ የጠፋብን! ለእኛ ማረፍ መቼ ይታደል።»

በግንቦት ላፓስ ሄድኩ፣ ለጡረታ ወረቀት፤
ከአንድ መደብር መስኮት አየሁት፣ ሙሉውን፣ ከነስፌት።
ገብቼ አራትን ገለጥኩ።
ሰንጠረዥ ነው። ቁጥር በቁጥር ላይ። በጣቴ ወደ ታች ተጓዝኩ፦
ገበሬ ሴት፣ ይህን ያህል፤ ልብስ ሰፊ፣ ይህን ያህል፤
ከሁሉም ግርጌ፣ ድንጋይ ለቃሚ፣ አንዲት ሰረዝ፤
በደቃቅ ፊደል «ቁጥሩ አልተገኘም» ይላል።
«ይገዛሉ ወይስ ያነባሉ?» አለኝ ሻጩ ከባንኮኒው ማዶ።
«ሌላው ሌላው አለኝ» አልኩት።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ቴዎፊላ ብቻ አንድ ቀን፣
ልጇ ቀሚሷን እየጎተተ፣ ጠጋ አለችና፦
«ላፓስ መጽሐፍ መደብር አለ አይደል? ገብተሽ ነበር?»
ዝም አልኩ።
«አራተኛው... እንዴት ነው?»
ልጁን አየሁት፤ ብርድ የላጠው ጉንጩን፣ አፉ ውስጥ የያዘውን ጠጠር።
«ደህና ይነድዳል» አልኳት።