ቤት ያልመቱ ቤቶች

በሚያዝያ፣ በረዶው ሳይለቅ ከሐይቁ ዳር፣
አባቴ አዲስ ቤት ገዛ፣ አሮጌው ሳይሸጥ፣ በብድር።
ባለ ሳውና፣ ባለ ጓሮ፣ አንድ የፖም ዛፍ ያለው፤
«አሮጌው በሁለት ሳምንት ይሄዳል» አለ ደላላው።
ደላላው ኦንኒ ይባላል፤
በእኛ ቋንቋ «ዕድል» ማለት ነው፤ ባርኔጣ ያደርጋል።
ላህቲ ያኔ ሰው ሁሉ ገዢ ነበር፤
ባንኩ ራሱ እየደወለ «ጨምሩ» ይላል፣ ማበደር እንደ ማክበር።

የመጀመሪያዋ ገዢ ኬርቱ ነበረች፣ ባሏ የሞተባት።
ጓንቷን ሳታወልቅ ኩሽናውን ዞራ፣ መስኮቱን ዳስሳ፣
«አራት መቶ ሺህ ማርካ» አለች። አባቴ «ሠላሳ
ጨምሪ» አላት። ትንሽ ቆማ ደረጃውን ወረደች፣
ሦስቱንም ፎቅ፣ ቀስ ብላ፣ መደገፊያውን ይዛ።
«ትመለሳለች» አለ ኦንኒ።
እርምጃዋን እስከ ታች ሰማነው። አልተመለሰች።

በመስከረም ፋብሪካው አንዱን ፈረቃ ዘጋ፤
የወንበር እግር የሚልገው ታይስቶ ቤት ዋለ፣ እየቆጠረ ዋጋ።
ገበያው ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ እሱ ሦስተኛ ላይ፣ «ይወጣል፣ ቆይ»፤
ገበያው ምድር ቤት ሲገባ እሱ ገና ሁለተኛ ላይ።
ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል፤
ጊዜ የነሳው ቤትስ ማንን ያስጠልላል?
ወለዱ ወለደ፣ የወለደውም ወለደ፤
አባቴ ሁለት ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እያንቃጨለ፣ ሰው እየሸሸ ሄደ።
ግጥም ቢሆን ሁለት ቤት ይበቃል፣ አንዱ ለአንዱ ይመታል፤
የኛ ቤቶች ግን አንዱ ሌላውን ይበላል።

እሑድ እሑድ ክፍሌን ጠርጌ፣ አሻንጉሊቴን ደብቄ፣
ኮሪደሩ ጫፍ እቆማለሁ፣ ሹራቤን እስከ አንገት አጥልቄ።
እናቴ ሄሌቪ ሄል ያለበት ዳቦ ትጋግራለች፤
«ቤት ኑሮ ኑሮ መሽተት አለበት» ትላለች።
ከቀትር እስከ ሰባት ሰዓት
ኦንኒ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ወረቀቱን ቆልሎ።
ማንም።
አንዴ ጎረቤት መጣ፣ ስኳር ልበደር ብሎ።
ከዚያ ዳቦውን እኛው በላነው፣ ሳንነጋገር፤
እስከ ዛሬ ሄል ሲሸተኝ ጉሮሮዬ ይዘጋል፣ እንደ በር።

በሦስተኛው ዓመት፣ በጥር፣ ባንኩ መረጠልን፤
አሮጌውን አይደለም፣ አዲሱን ነው ያሸጠን።
ገዢዎቹ ወጣቶች፤ ሴቲቱ ካፖርቷ አልቆለፍ ብሏት፣
«ገና ይወርዳል፣ ታገሺ» የሚል መካሪ የሌላት።
ጋዜጣ አላነበበች፣ ወለድ ረክሷል ብላ አልመጣች፤
ወሯ ገብቶ ነው፣ ልትወልድ ነበረች።
እኛ ሦስት ዓመት የፈለግነውን የገበያውን ታች
እሷ ሳታየው ረገጠችው፤ ጫማዋን አውልቃ ገባች።

ይኸው ሠላሳ ዓመት። እንደገና ወርዷል ዋጋ፤
ባሌ ስልኩ ላይ ቀይ መስመር ያሳየኛል፣ ገና ሳይነጋ።
«መጀመሪያ እንሽጥ፣ ወይስ እንግዛ?» ይላል።
ማስታወቂያ አገላብጠን አንድ ቤት አገኘን፤ አድራሻውን አውቀዋለሁ።
አባቴ ጋ ደወልኩ፣ ምን ትመክረኛለህ አልኩት።
ብዙ ዝም አለ።
«የፖሙ ዛፍ አለ?» አለ።

ባለፈው እሑድ ሄድኩ። ዛፉ ተቆርጧል፤
በሩ ሳይከፈት ሄል ይሸታል።
ሻጩ ያልማሪ ነው፣ ያኔ ሆድ ውስጥ የነበረው፤
«ከጥር ወዲህ ሦስቴ ቀነስን» አለኝ፣ እንደ ጥፋት ቆጥሮት።
ጣሪያውን አየሁ፣ የሳውናውን ምድጃ ነካሁ።
ከቀትር እስከ ሰባት ከኔ ሌላ ሰው አልመጣም።
«ላስብበት በይ፣ ይወርዳል» ብሎኛል ባሌ፤
ቃሉ ምላሴ ላይ ነው፤ አላልኩትም፣ አልዋጥኩትም።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አንዲት ልጅ፣ ክፍሏ የተጠረገ፣
አንዴ እኔን ታያለች፣ አንዴ ሳህኑን።
አንድ ዳቦ አነሳሁ። ቆይቼ ሌላ።
ጉሮሮዬ ሲዘጋ በውኃ አወረድኩት፣
ሰባት ሰዓት ሲሆን
ለሷ የሚተርፋት እንዲያንስ።