ሺህ ምን?

አዳማ ላይ ነፋስ ሲነሣ በበጋ፣
አቧራው ይነግዳል፣ ሰው ዐይኑን ሲዘጋ።
ዲንቄ ከሽንኩርቷ ላስቲክ እየገፈፈች፣
«ኪሎው አርባ! አርባ!» ደጋግማ ለፈፈች።

መምህር ይርዳው ቆሙ፤ ፊዚክስ ነው ሙያቸው፤
ጡረታ ቢወጡም ጠመኔው አልለቀቃቸው።
«ኪሎ ማለት ሺህ ነው፣ ከግሪክ የመጣ፤
ሺህ ምን ልትሸጪ ነው? ግራሙ የት ወጣ?»
«ሺህ ነገር አያምጡ፣ ጋሼ፣ በጠዋቱ፤
ወይ ይግዙ ወይ ይለፉ፣ ሳይመጣ ሙቀቱ።»

ተራዬን ስጠብቅ፣ ፌስታል አንጠልጥዬ፣
የሰዋስው ትምህርት መጣ ከኋላዬ፦
ለብቻው አይቆምም፣ ከስም ፊት ይጣዳል፤
«ባዕድ መነሻ» ነው፤ ስም ካጣ ይናዳል።
ባዕዱ ግን ይኸው፣ ጌታውን አባሮ፣
ቤተኛ ሆነና፣ በአዳማ ጉልት ኖሮ፣
«ኪሎ ጨመርክ» ይላል፣ ቦርጫችንን ዞሮ።

መምህሩ ግን ጭራሽ ጣታቸውን ቀሰሩ፦
«ሚሊም ሺህ ማለት ነው፤ ሮም ነው ሰፈሩ፤
ያኛው ሺህ ይሰበስባል፣
ይኼኛው አንዱን ለሺህ ይሰብራል፤ አንድ ነው ቁጥሩ።»
ከኮት ኪስ መዘዙ የስኳር መርፌ፤
«ይኸውልሽ ሚሊ፤ በዚች ነው ማረፌ፤
ቀን በጭረት ሲሰፈር ይኸው ናት ትርፌ።»

ዲንቄ ዝም አለች።
ሚዛኗን በጨርቅ ወለወለች።

ካርድ ሻጩ ነጂብ ከጥላው ብቅ አለ፤
«ጊጋስ፣ ጋሼ?» አለ።
«ጊጋማ ግዙፍ ነው፣ ተራራ ያከለ።»
«እንዴ! የኔን ግዙፍ
ትናንት በመቶ ብር ገዝቼው ነበረ፤
ሁለት ቪዲዮ ሳይበት፣ ሳይመሽ ተቀበረ።»

ሳቅን። ከኮረብታው፣ ከከተማው ማዶ፣
ሜጋ ዋት የሚያመርት ነጭ ክንፍ ተጠምዶ፣
ይዞራል፣ ይዞራል፤
የዲንቄ ጓዳ ግን ማታ ሻማ ያበራል።

«በኛም አለ፣ ጋሼ፤ ሺህ ነው ‹ኩማ› ማለት፤»
አለች ሳትጠየቅ።
«አባቱ ልጄን ኩምሳ ብሎት፣
‹ሺህ አድርገው› ብሎት፣
ሺህ ምን? ከብት ይሁን፣ ዓመት ይሁን፣ ወይ ሀብት፣
ጅራቱን ሳይነግረኝ ቀደመኝ በሞት።
ልጁ ይኸው ዛሬ ተሳቢ ይነዳል፣
በጅቡቲ መንገድ ኪሎ ሜትር ያጭዳል።
ስልኩ ሌት ሲጠፋ ሆዴ ይጨነቃል፤
ሺው ይቅር፣ ለኔስ አንድ ይበቃል፤
አንዱ ቤት ቢገባ።»

ጠመኔው ያን ጊዜ የሚጽፈው አጣ።
መዘነች ለጋሼ። ቀስቱ አንድ ላይ ሲመጣ፣
ሌላ ሽንኩርት አነሣች፣
ትንሽ፣ ልጣጯ የደረቀ፣
ጣል አረገችበት።
«ይቺስ?» አልኳት። «ምርቃት።»

መምህሩ አሰቡ፣ ከጊጋ እስከ ናኖ፤
ስም ፈልገው አጡ።
ምርቃቷን ለብቻ፣ ከመርፌው ጋር፣ ኮት ኪሳቸው ከተው፣
በአቧራው ውስጥ ወጡ።