ለእንግዴ ልጄ

ነሐሴ ነበረ፤ ጣና ደንገል ውጦ፣
አንሙት ጨራጨራ፣ ከግድቡ ተቀምጦ፣
የቱ በር ይከፈት፣ የትኛውስ ይዘጋ፣
ልኬቱን ሲያነብብ በባትሪ እስኪነጋ።
ከሌሊቱ ሰባት፣ ስልኬ አለቀሰ፤
«ሰው ወሰደ ውኃው…» መስመር ተበጠሰ።

ማንን?

እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ፤ ደም ሳነብ ነው የምውለው፤
የፍርሃትን የደም ስሙን አውቃለሁ።
ኮርቲሶል ይባላል።
ያን ሌሊት ከኩላሊቴ አናት ተነሥቶ
ጣቶቼ ጫፍ ድረስ ጋለበ።
ልጅቱ ስድስት ወር አልፏታል፤
ክብደቷ ከአንድ ቀረሶ አይበልጥ።

አንቺ ደጅ ሲደርስ ግን፣ እንግዴ ልጄ፣
አንዲቱ ኢንዛይምሽ ተቀበለችው።
አልገደለችውም።
ሁለት ሃይድሮጂን ከወገቡ ፈታች፣
ትጥቁን እንዳስረከበ ሽፍታ
ኮርቲሶን አድርጋ፣ አባብላ አሳለፈችው።
ሁሉንም አይደለም፤ ጥቂቱ ሾልኳል።
ልጅቱ ጎኔን አንዴ ረገጠችኝ፤
ምናልባት ለዚያ ነው።
ምናልባትም ዝም ብላ ስትገላበጥ።

ሆዴ ጠንክሮ ሲጨብጠኝ፣
«ውጪ» የሚል መልእክት ከአንጎሌ ሲላክ፣
ሌላዋ ከመንገድ ይዛ ቆራረጠችው፣
እንደ ሐሰተኛ ደብዳቤ።
«ገና ነው» አለች፤ «ኅዳር ይግባ።»

ሲነጋ አንሙት መጣ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ።
የተወሰደው የይበልጣል ልጅ ነው፣
መረቡን ሊያስለቅቅ ከበሩ ተጠግቶ።
እፎይ አልኩ።
ያችን እፎይታ የልጁ እናት አትስማብኝ።

ኅዳር ገባ። ልጅቱ መጣች፤ ማዘንጊያ አልናት።
አንቺ ከኋላ ተከተልሽ፣ እልል ያለልሽ የለም።
አዋላጇ በብረት ሳህን ገለባበጠችሽ፤
«ሙሉ ነው፣ የቀረ የለም» ብላ ጻፈች።
እስቲ ላያት አልኩ።
ጠቆር ያልሽ፣ ሥርሽ እንደ ሾላ ቅርንጫፍ የተዘረጋ፣
ገና ትሞቂያለሽ።

ማን ነው «እንግዴ» ብሎ ስም ያወጣልሽ፣
ዘጠኝ ወር በረኛ ሆነሽ እያደርሽ?

አንሙት ከማንጎው ሥር ቆፈረ።
ሐይቁ ቅርብ ነው፤ ሁለት ክንድ ሳይወርድ
አፈሩ ውኃ አቀረረ።
ዶማውን ይዞ ቀና ብሎ አየኝ።
«ይበቃል» አልኩት።