ዋጋ የሌለው ድምፅ

ቱኩማን ውስጥ፣ ስኳር ፋብሪካው በተዘጋ በሁለት ዓመቱ፣
እርግብ ጎጆ ስትሠራ በጭስ ማውጫው አናቱ፣
ምርጫ ሆነ።
እኔ ያንድ ፓርቲ ታዛቢ ነበርኩ፤
(የየትኛው? ተዉት። ለዳቦና ለሃያ ፔሶ ነው የቆምኩ።)

ከጧት እስከ ማታ ወንዶቹ ተሰለፉ፤
የቀረ ይቀጣልና፣ አንገት ደፍተው አለፉ።
አንድ ባንድ ወደ ጨለማው ክፍል ገብተው፣
ወጡ፣ ፖስታቸውን በምላስ አሽገው።

ሲመሽ ኔሊዳ ሳጥኑን ገለበጠች፤
የሦስተኛ ክፍል መምህርት ናት፣ አራት ወር ደመወዝ ያላየች።

የመጀመሪያው ፖስታ፦ ቋሊማ፣ አንድ ቁራጭ፤
«ይቺም አትቅርባችሁ» ብሎ ጽፎባታል መራጭ።
ሁለተኛው፦ የመብራት ዕዳ፣ ሦስት ወር ያለፈው።
ሦስተኛው፦ ባዶ። አራተኛው፦ የሸንኮራ አመድ፣ እፍኝ የማይሞላው።
በቀይ ብዕር «ዋጋ የሌለው» ትላለች፤ ሕግ ነው፣
ማን ይከራከረው።
ሳቅን። ሌላ ምን ልናደርግ።
እኔማ ቋሊማዋን አይቼ ምራቄን ዋጥኩ፤ አልሸሽግ።

ከዚያ አንድ ፖስታ፣ ወፈር ያለ።
ስትከፍተው እጇ ባለበት ዋለ።

የሰዓት ካርድ ነው። ቢጫ። የፋብሪካው።
ስም፦ ኤቫሪስቶ ቪልካ። ክፍል፦ ቦይለር።
ባሏ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ «እሺ»ም «እምቢ»ም የማይል፣
መስኮት ሥር ተቀምጦ ጭስ ማውጫውን ሲያይ የሚውል።
ድምፁን ስትናፍቅ ኖራ፣ ስትናፍቅ ኖራ፣
ዛሬ ሰጠ፤
መጣላት፣ ለቆጠራ።

ስም ያለበት ድምፅ አይቆጠርም።
«አንብቢው» አላት ሌላው ታዛቢ፤ የሩቅ ሰው ነው፣ አያውቅም።
አነበበች፣ ለልጆች ቃል እንደምታጽፍ፣ ረጋ ብላ፦
«የመግቢያ ሰዓት፣ ንጋት አሥራ አንድ ከሩብ።
የመውጫ ሰዓት…»
ካርዱን ገለበጠችው። ጀርባውም ላይ የለም።
በሩ የተዘጋ ዕለት መውጫውን ማን መታለት?
«የመውጫ ሰዓት፣ ባዶ።»

ብዕሩን አነሣች፤ አስቀመጠች፤ አነሣች።
«ዋጋ የሌለው» ብላ ጻፈች።

ሌሊት በሬዲዮ አሸናፊው ታወቀ፤ ጥሩምባ ተነፋ፤
ከፒክአፕ ላይ ቲሸርት ሲወረወር ሕዝቡ ተጋፋ።
ለእኔም አንድ ደረሰኝ፤ ጠበበኝ፤ ለወንድሜ ይሆናል ብዬ ያዝኩ።

ወደ ቤቴ ስሄድ በነኔሊዳ ደጅ ነው መንገዴ።
መብራት አለ። መስኮቱ ገርበብ ብሏል።
የሚሉትን አልሰማሁም፤ ልሰማም አይገባኝም።
ግን ልማድ ሆኖብኝ፣ ከመንገዱ ዳር ቆሜ
ቆጠርኩ፦
ሁለት ድምፅ።