መሳቢያው

ስልኬ በሌሊት ጮኸ፣ ከማላውቀው ቁጥር፤
«እኔ ነኝ፣ ሩሃማ» አልሽ፣ ድምፅሽ ሲሰባበር።
ከኋላሽ የብረት በር ሲዘጋ ይሰማል፤
አንድ ሰው በዓረብኛ ሰው እየቆጠረ ያልፋል።
«ዋስ ሁኚኝ» አልሽ። በቃ።
አጭር ቃል ናት፤ እኔ ግን ርዝመቷን ስለካ
ስድስት ዓመት ሞላኝ።

ቆዪ፣ ልንገርሽ ታዲያ፣ ደቂቃሽ ሳያልቅ፤
ሻርጃ ውስጥ፣ ከሮላ፣ ከዓሣ ገበያው ራቅ
ካለ ጣቢያ፣ አንድ አለ ግራጫ መሳቢያ፤
ቁልፉ በሹርጣው ወገብ፣ ከሽጉጡ ማንገቢያ።
እዚያ ውስጥ ነው ያለሁት፣
በሻሽ፣ ፈገግ አትበይ ተብዬ የተነሣሁት፣
አባቴ ያወጣው ስሜ፣ የሐርቡ ልደቴ፣
ከማላውቃቸው ጋራ፣ ፊታቸው በፊቴ፣
በላስቲክ ታስሬ።

የሽኩር ነገር ነው። ቦርከና ላይ አብረን
የተራጨን ልጆች፤ እዚህም ተገናኘን።
እሱም ለሌላ ሰው ነው አምኖ የፈረመ፤
ቼኩ ባዶ ወጣና ከብረት ኋላ ቆመ።
«አንድ ወር ብቻ፣ ዘሐራ፣ ሠርቼ እስክከፍለው»
አለኝ፤ መስታወቱን በመዳፉ ነካው።
እኔም ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው።

ሹርጣው ደግ ሰው ነበር። ሻይ ሰጠኝ። ወረቀቱን
ሁለቴ አነበበው፣ እያስጠጋ ጣቱን፤
«እሱ ከቀረ፣ አንቺ። ገባሽ ወይ?» አለኝም።
ገባኝ አልኩ። የቸኮለ ሰው የማይገባው የለም።
የአውራ ጣቴ ቀለም ሦስት ቀን አልለቀቀም፤
መዳም «ሂና ነው?» አለችኝ። አዎ አልኩ። ሠርግ መስሏት ሳቀች።

ፓስፖርቱ ብቻ አልበቃም፤ ገንዘብም አስያዙ።
ስምንት አምባር ነበረኝ፣ በስምንት ረመዳን የተገዙ፣
የእናቴን ቤት ቆርቆሮ ሊቀይሩ የታሰቡ።
ወርቅ ሻጩ መዘናቸው። ቁጥሩ እስኪረጋ ቆሜ
ስምንት ዓመቴን አየኋት፤
እንዲህ ትቀላለች ወይ?

ሦስት ሐሙስ መጥቶ ፈረመ። በአራተኛው
ስልኩ ዝግ ሆነብኝ። በተራራ፣ በሌሊት፣ በእግሩ ነው
አሉ፣ ወደ ኦማን። አንድ ዓመት ቆይቶ
ድምፁን ላከልኝ፣ ግማሹ በነፋስ ተበልቶ፤
«አንቺ መቼም ትረጂኛለሽ» የምትለዋ ብቻ ቀረች።
አልረገምኩትም።
ውሸቴን ነው። ረግሜዋለሁ፤ ሰግጄ ደግሞ አውፍ ብያለሁ፤
ሲነጋ እንደገና ረግሜዋለሁ።

እናቴ ስትሞት ሻንጣዬ ዝግጁ ነበር፣ እግሬም፤
ዕዳው ካልተከፈለ ግን መሳቢያው አይከፈትም።
በቀብሯ ቀን ዘነበ አሉ። በአሮጌው ቆርቆሮ ገብቶ
ለቀስተኛው ውሃ ሲቀዳ ዋለ፣ ድስት ከየጎረቤቱ አምጥቶ፤
የሚያለቅስላት አጣች።

በአገራችን፣ ታውቂ የለ፣ ዋስ ማለት ሰው ነበር፤
ዋርካ ሥር ብድግ ብሎ «እኔ አለሁ» ብሎ ሲናገር
ቃሉ ነው የሚያዘው፤ እሱማ ቤቱ ይገባል።
እዚህ ቃል አይይዙም። ዋስ ማለት ዕቃ ነው፤ ይቆለፋል።

ስለዚህ፣ ሩሃማ፣ አልችልም።
ጨክኜ እንዳይመስልሽ። ልቤንማ መሳቢያው አይቀበልም፤
የቀረው ተይዟል።

ሐሙስ ግን እመጣለሁ። ሳሙና፣ ሁለት የውስጥ ልብስ፣
የራስ ምታት ኪኒን፣ የስልክ ካርድ፣ ካልሲም፣ ብርዱ ሳይብስ፤
ኤሲው እዚያ አይጠፋም፤ አሥራ አንድ ሌሊት አውቀዋለሁ።
ለእናትሽም እደውላለሁ፤
«ሥራ በዝቶባት ነው» እላለሁ፣ አንዲት ቃል ሳልጨምርበት።
ሌላ ዋስ ካገኘሽ ደግሞ፣ እባክሽ፣
ሐሙስ ሐሙስ አትቅሪበት።